በእሪ በከንቱ የተሳልኩት የውሸት ስለት

ለጋ ቅቤ ሲሸተኝ እናደዳለሁ። ሌላው ሰው ቅቤ ሲሸተው እናቱ ትዝ ትለዋለች፣ ዓመት በዓል ትዝ ይለዋል፣ ምራቁን ይውጣል። እኔን ግን ደም ሥሬን ይገትረዋል። ሠላሳ ምናምን ዓመት አዋላጅ ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ ገና እትብቱ ያልደረቀ ሕፃን አፍ ውስጥ ስንት የቅቤ ጣት ሲገባ እንዳየሁ እኔና ጌታ ነን የምናውቀው። "ጉሮሮውን ያለሰልስለታል" ይሉኛል። "ሆዱን ያጥብለታል" ይሉኛል። ስከራከር ደግሞ "እኛም በዚሁ ነው ያደግነው" ይሉኛል። እንግዲህ ያላደጉትማ ተነስተው መጥተው አይከራከሩ! ጡረታ ከወጣሁ ስንት ዓመቴ፣ አሁንም ታክሲ ውስጥ ቅቤ የተቀባች ሴት አጠገቤ ስትቀመጥ እጄ ሳላስበው ሕፃን ይፈልጋል፤ ልነጥቃት።

ባለፈው ቅዳሜ መነጽሬን ላሠራ ፒያሳ ሄድኩ። እንደ ሞኝ። መነጽር ቤቱ የለም። ጎኑ የነበረው ካሴት ቤትም የለም፤ ከማለዳ ጀምሮ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ፣ ጥላው ስለሄደች ልጅ ሲያለቃቅስ የሚውል ካሴት ቤት ነበር። እኔ ዓለማዊ ዘፈን በቤቴ አላስገባም፤ ግን ታክሲ ስጠብቅ በግዴ ያጠናኋቸውን ግጥሞች እስከ ዛሬ ድስት ሳጥብ አንጎራጉራቸዋለሁ፣ ልጆቼም ይስቁብኛል። ኬክ ቤቱም የለም። ደመወዝ በወጣ ቀን ነጭ ጋውናችንን በፌስታል ጠቅልለን፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፈን፣ በብር ከሃምሳ ማኪያቶ እየጠጣን የሚያልፍ የሚያገድመውን ልብስ የምናማበት ነው። ያኔ ወጣቶቹ መሬት የሚጠርግ ሰፊ ሱሪና ሶሉ ጡብ የሚያህል ጫማ ነበር የሚያደርጉት፤ ኮረኮንቹ ላይ ስንቷ ቁርጭምጭሚቷ ዞሮባት ጤና ጣቢያችን መጥታለች! አሁን በዚያ ሁሉ ቦታ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ተነጥፏል፣ መብራት ተሰቅሏል፣ አበባ ተተክሏል። አያምርም አልልም፣ ያምራል። ግን እኔ መነጽር ላሠራ እንጂ መብራት ልጎበኝ አልመጣሁም። ጥግ ላይ አዲስ ካፌ አግኝቼ ማኪያቶ አዘዝኩ፤ ዋጋውን ሲነግሩኝ የጠጣሁትን መልሼላቸው ልወጣ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

እዚያው ደጃፍ ቆሜ ስነጫነጭ ነው አንዲት ልጅ ከኋላዬ የጠራችኝ።

"ሲስተር ማርታ! ሲስተር ማርታ አይደሉም እንዴ?"

ዞር ስል ሆዷ ቀድሟት የመጣ፣ ረጅም ጥቁር ቀሚስና ነጭ ስኒከር ያደረገች ወጣት። ያለ መነጽር ፊቷን ለመለየት ዓይኔን ሳጠብ "ብፅዓት ነኝ፤ የየሺ ልጅ" አለችኝ። የያዝኩትን ቦርሳ ጥዬ አቀፍኳት። ይህችን ልጅ ያዋለድኳት እኔ ነኝ። ስምንተኛ ወሯ ነው፣ ተመርምራለች፣ ደሟም ሁሉ ነገሯም ደህና ነው፣ ባሏ ጥሩ ልጅ ነው፤ አንድ በአንድ ጠየቅኋት፣ አንድ በአንድ መለሰችልኝ። "እናትሽስ?" ስል ግን ቀዘቀዘች።

"እማዬ መድኃኒቷን ልታቆም ነው፣ ሲስተር።"

"ምን አልሽ?"

"ስለቱ ያልቃል ትላለች። 'ልጄ ለወግ ለማዕረግ እስክትደርስ ነበር የተባለው፤ ይኸው ልትወልድ ነው፣ ደረሰች፣ ከእንግዲህ በቃኝ' ትላለች። ስለምናት ደግሞ 'ያሰሩት ሲስተር ናቸው፤ መጥተው ይፍቱት' ነው መልሷ።"

መንገድ መሃል ቆሜ ጮህኩ። ሰው ዞሮ አየኝ፤ ይየኝ። የሺ ቫይረሱ በደሟ ውስጥ ካለ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ በዚያ መድኃኒት ነው ቆማ የምትሄደው። ልጅቷም ታውቃለች፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት የሺ እኔን አጠገቧ አስቀምጣ ራሷ ነግራታለች። አሁን ያ ሁሉ ልፋት በአንድ ስለት ገደል ሊገባ! ስለቱን ደግሞ የተሳልኩት እኔ ነኝ። እኔ፣ ጴንጤዋ! አባቴ ወንጌላዊ፣ ባሌ አራት ኪሎ ፊዚክስ አስተማሪ፤ በዘመኔ ለታቦት ሻማ እንኳ አብርቼ የማላውቅ ሴት። አንድ ቀን፣ አንዲት ደቂቃ ዋሸሁ፤ ይኸው ውሸቱ ጉልበቴ ሲደክም እንኳ አልለቀቀኝም።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር፤ እናትና ልጅ ፈቅደውልኛል። የሺ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። እሪ በከንቱ፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው ኮረኮንች ላይ፣ ስምንት ቤተሰብ አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት የሚጋራበት ግቢ ውስጥ ትኖራለች፤ ፒያሳ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ቁልፍ ስትተክል ትውላለች። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ሆና፣ ቢጫ ሹራብ ለብሳ፣ ጸጉሯን ሹሩባ ተሠርታ መጣች። ደሟን ለምርመራ ሰጠች። ውጤቱን የነገርኳት እኔ ነኝ። አላለቀሰችም፤ "ልጁስ?" ብቻ ነው ያለችኝ። ባሏ የሩቅ መስመር ሾፌር ነበር፤ አብራችሁ ተመርመሩ ብዬ መከርኳት፤ ነገረችው። ሰውየው "እኔ ምንም የለብኝም" ብሎ ካልሲውን ሳይቀር ለቃቅሞ ወጣ። ነፋስ ነው እንግዲህ ያመጣባት! ለግቢው ሰው "መስመር ላይ ነው" አለች፤ እስከ ዛሬ መስመር ላይ ነው።

ያን ዘመን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያደክመኛል። በሽታው ስም አልነበረውም። "ያ በሽታ" ነው፣ "የዘመኑ ነገር" ነው። ሰው ሲሞት ሳንባ ነው ይባላል፣ ጉበት ነው ይባላል፣ ምች ነው ይባላል፤ እድሩ ድንኳኑን ይተክላል፣ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ንፍሮውን ቆርጥሞ ዝም ይላል። ለነፍሰ ጡር የምንሰጠው ደግሞ ምን ነበረን? ምጥ ሲጀምራት የምትውጣት አንዲት እንክብል፣ ለልጁ ጠብታ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ጥብቅ ትእዛዝ፦ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ። ጡትና ሌላ ነገር ከተደባለቀ ልጁ የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል ነው ትምህርቱ። ወይ ጡት ብቻ፣ ወይ የቆርቆሮ ወተት ብቻ። የቆርቆሮ ወተትማ የየሺን የወር ደመወዝ ይውጣል፤ ቢኖራትስ? በዚያ ግቢ ጡት ያላት አራስ ቆርቆሮ ይዛ ከገባች በሯ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈች ማለት ነው። ዛሬማ ተመስገን ነው፤ ነፍሰ ጡሯ ባወቀች ዕለት ጀምራ በቀን አንድ እንክብል ትውጣለች፣ ሳታቋርጥ ትከታተላለች፣ ጡቷን አጥብታ ጤነኛ ልጅ ታሳድጋለች። የዛሬ ልጆች ይህን ስነግራቸው "ታዲያ ምኑ ያስፈራችሁ ነበር?" ይሉኛል። ምኑ ያስፈራችሁ ነበር! በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ሐሙስ ሐሙስ በጤና ጣቢያው ጓሮ፣ ከካርድ ክፍሉ ጀርባ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር በቀር የማትይዝ ክፍል ነበረችን። እንደ የሺ ያሉ እናቶች እዚያ ይሰበሰባሉ። ሻይ በፔርሙዝ፣ ዳቦ በጋዜጣ። ወረቀቱ ላይ "የእናቶች የእርስ በርስ መደጋገፊያ" ይላል፤ እውነቱን ለመናገር ግን የሚደጋገፉት በውሸት ነበር። "ለአማትሽ ምን አልሻት?" "የጨጓራ መድኃኒት ነው አልኳት።" "ወይ ጎበዝ! እኔ የአለርጂ ብዬ አሁን ሽሮ ከልክለውኛል።" ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ውሸት ይዋዋሳሉ። እኔ ደግሞ የወንጌላዊ ልጅ፣ ውሸት አትዋሹ እየተባልኩ ያደግሁ፣ በሩ ላይ ቆሜ ሰው እንዳይሰማ እጠብቃለሁ።

የሺ በሰላም ወለደች፤ ሴት ልጅ። እንክብሏን በጊዜው ወስዳለች፣ ጠብታውን ለልጅቷ ሰጥቻለሁ። በሦስተኛው ቀን ልጠይቃት ወረድኩ። ነጭ ጋውን ለብሶ መሄድ አይታሰብም፤ ነጠላ ተውሼ አጣፋሁ፣ ለግቢው ሰው "ነርስ የሆንኩት ዘመዷ ነኝ" አልኩ። በሩን ገፋ ሳደርግ ያ የቅቤ ሽታ ግንባሬን መታኝ። አምስት ስድስት ሴቶች አልጋውን ከበዋል፤ አጥሚቱ፣ ገንፎው፣ ጨዋታው ደርቷል። መሃላቸው እማማ በላይነሽ ሕፃኗን ጭናቸው ላይ አጋድመዋል። እማማ በላይነሽ የግቢው አንጋፋ ናቸው፤ ፓርላማውም፣ ፍርድ ቤቱም፣ ፖሊሱም እሳቸው ናቸው። የቀኝ ሌባ ጣታቸው ላይ የለውዝ ፍሬ የምታህል ቅቤ አለች፤ ጣቱ ወደ ሕፃኗ አፍ እየወረደ ነው።

"ቆይ እማማ፣ አይሆንም!"

"ምኑ ነው የማይሆነው? አንቺ ደግሞ ማነሽ?"

"ለሕፃን ከጡት ሌላ አያስፈልገውም። ሆዱ ገና ነው፤ በሽታ ያመጣበታል።"

"ወግጂ ከዚያ! ስምንት ወልጃለሁ፤ አንቺ ገና ፊደል ስትቆጥሪ እኔ ልጅ ሳሳድግ ነበር።"

ሴቶቹ ሳቁ። ጣታቸው እንደገና መውረድ ጀመረ። የሺን አየኋት። ከንፈሯ አመድ መስሏል፤ አንሶላውን ጨምድዳ ይዛ እኔን እኔን ታያለች። እንዳይነኩብኝ ትበል? "ለምን?" ይሏታል፤ ምክንያቱን ከተናገረች ከነገ ጀምሮ ከዚያ ቧንቧ ውሃ የሚያስቀዳት አይኖርም። ዝም ትበል? ልጅቷ! አራት ወር ሙሉ "ልጁስ?" ስትለኝ የኖረችው ልጅ!

"ስለት አለባት!" አልኩ።

እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም።

"የምን ስለት?" አሉ እማማ በላይነሽ።

"የማርያም! ምጧ ጠንቶባት ነበር፤ እኔ ነኝ የተሳልኩላት። 'በሰላም ትገላገል እንጂ ልጇ ስድስት ወር ከእናቷ ጡት በቀር ውሃም አትቀምስም' ብዬ ተስያለሁ!"

"ምን ልታስገቢ?"

"ጃንጥላ! ባለ ዘርፍ!" ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ አልኩ በሆዴ።

እልልታው ቀለጠ። አንዷ አልጋውን ተሳለመች፣ አንዷ ያቀረበችውን የአብሽ ውሃ ሮጣ ደፋች። እልል ያላሉት እማማ በላይነሽ ብቻ ናቸው። እኔን አዩኝ፣ የሺን አዩ፣ ሕፃኗን ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ሻሻቸውን ገለጥ አድርገው ጣታቸውን የገዛ ጸጉራቸው ላይ ጠረጉት። "ማርያም የያዘችውን ማን ይነካል" አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ። ስንት ዓመት ፖስተር ለጥፈናል፣ በየቀበሌው አዳራሽ ጉሮሯችን እስኪነቃ "የእናት ጡት ብቻ" ብለናል፤ አንድ ጆሮ የሰጠን አልነበረም። አሁን ግን የግቢው ሴት ሁሉ ስትወልድ "እኔም የየሺን ስለት ተስያለሁ" ማለት ጀመረች! ቀጣዩ ግቢ ሰማ፣ ወንዝ ማዶ ሰማ። የሥራ ጓደኞቼ "ሲስተር፣ የጤና ጥበቃን መመሪያ ወደ ስለት አዛወርሽው" እያሉ ይስቁብኛል። እማማ በላይነሽ ስድስቱን ወር የየሺ በር ላይ ዱካቸውን አውጥተው ተቀመጡ፤ ለሕፃኗ ስኳር ውሃ ይዛ ብቅ ያለች ሴት እዚያው ተሰድባ ትመለሳለች። ክርስትና ስትነሳም ስሟን ብፅዓት አሏት፤ ስለት ማለት ነው። ልጅቷ በእኔ ውሸት ተጠራች። ዓመት ከመንፈቋ የመጨረሻውን ምርመራ አደረግንላት፤ ነጻ ናት። የሺ ወረቀቱን ደረቷ ላይ አድርጋ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ሁለታችንም እንደ ሕፃን ተነፋረቅን።

ደስታው ሳምንት አልቆየም። በዚያን ጊዜ የሺ ራሷም መድኃኒት ጀምራ ነበር። ከወለደች በኋላ አቅሟ ደክሞ፣ በነጻ መሰጠት የጀመረ ሰሞን ነው ያስጀመርኳት፤ ጠዋት አንድ ማታ አንድ፤ ሥጋዋ ተመልሶ፣ ቢጫው ሹራብ ጠቧት ነበር። ሐሙስ ቀረች። የማትቀረዋ የሺ ቀረች። እሪ በከንቱ ወረድኩ። ልጅቷን አዝላ፣ ጓዟን በአንሶላ ቋጥራ፣ የጸበል ጀሪካን አንጠልጥላ አገኘኋት። የመድኃኒቷ ብልቃጥ ከፍራሹ ሥር ወድቋል።

"ወዴት ነው?"

"ጸበል ልገባ ነው፣ ሲስተር። ስለቱ ሰምሯል። ልጄን ያተረፈች እመቤት እኔን ትተወኛለች? ከእንግዲህ እንክብል መዋጥ እሷን አለማመን ነው።"

"የሺ፣ ጸበሉን ጠጪ፤ ማን ከለከለሽ? መድኃኒቱንም ዋጪ! ካህናቱስ እንደዚያ አይደል የሚሏችሁ?"

"እርስዎ ራስዎ አይደሉ የተሳሉልኝ?" አለችኝ። "አሁን አያምኑም?"

ምን ልበላት? "ዋሽቼ ነው፣ ስለት የሚባል የለም" ልበላት? ያን ጊዜ ምኑን ይዛ ትቆማለች? ስለ መድኃኒት ሁሉ የነገርኳትንስ ከዚያ በኋላ ለምን ታምነኛለች? እማማ በላይነሽ በሩን ሞልተው የቆሙት ይሄኔ ነው።

"ስለቱ አለቀ ያለሽ ማነው?" አሉ የሺን። "ሲስተር ስለቱን ስትናገር አልነበርኩም እንዴ? 'ልጅቷን ለወግ ለማዕረግ አድርሺልን' አይደል የተባለው? ደርሳለች? ገና አፍንጫዋን መጥረግ አታውቅም! እስክትደርስ ድረስ እናቷ ጸበል ቢሉ ጸበል ትጠጣለች፣ እንክብል ቢሉ እንክብል ትውጣለች። ሞተሽ ለማን ልታስረክቢያት ነው? ነይ፣ ፍቺ ያንን ጓዝ።"

እኔ "ወግ ማዕረግ" የሚል ቃል አልተናገርኩም። በዚያ ቤት ውስጥ ይህን የምናውቅ ሁለት ሰዎች ነን፤ የሺ ያን ዕለት በጭንቀት ቃሉን ልብ አላለችውም። የሺ ግን ጓዟን ፈታች።

እማማ በላይነሽ ኮረኮንቹ ድረስ ሸኙኝ። ሸኚ ለምን አስፈለገኝ ብዬ ተነጫንጬባቸዋለሁ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። መንገድ ላይ ቆም አሉና "የኔን ጸዳልን ታውቂያት ነበር?" አሉኝ። የመጨረሻ ልጃቸው ናት፤ በሳንባ ሞተች ሲባል ሰምቻለሁ።

"ሳንባ ያልኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ሰው ምን ይላል ብዬ። የልጇን አፍ በዚህ ጣቴ ነው ያሟሸሁት። በሰባት ወሩ ተከተላት።"

"በቅቤው ላይሆን ይችላል እማማ፤ በማሕፀንም ይተላለፋል፣ በምጥም፤ ማንም አያውቅም" አልኳቸው።

"ተዪኝ ልጄ። ያን ቀን ስለት ስትዪ ገብቶኛል። ጴንጤ መሆንሽን ገና ስትገቢ ነው ያወቅሁት፤ ነጠላሽን ለቅሶ ቤት እንደሚሄድ ሰው አጣፍተሽ አራስ ቤት የገባሽ ጊዜ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ለጸዳል እኮ የሚዋሽላት ሰው አጥቼ ነው የቀበርኳት" አሉኝ፤ ዞረውም ወደ ግቢያቸው ወረዱ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ነው ቅዳሜ ዕለት ካፌው ደጃፍ ላይ በአንዴ የተከመረብኝ። እማማ በላይነሽ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ ግቢውም ፈርሶ የሺ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብታለች። ስለቱን እንደገና የሚያስረዝምልኝ ሰው የለም። ብፅዓትን "ለእናትሽ ማክሰኞ እመጣለሁ በያት፤ እስከዚያ አንዲት እንክብል ብትዘል ውርድ ከራሴ!" ብዬ ላክኋት። እሑድ ሰባኪያችን ምን እንዳስተማረ አልሰማሁም፤ ስለት ስፈጥር ነበር። ሰኞ ለአራሷ ገንፎ የሚሆን ቅቤ ገዛሁ። አዎ፣ እኔ! የአንድ ኪሎውን ዋጋ አልናገርም፤ ባለሱቁን "ላሟን ጭምር ነው የምትሸጥልኝ?" አልኩት። ማክሰኞ ሦስት ታክሲ ቀያየርኩ። ሕንፃው አራተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የለ፣ ጉልበቴ የለ። ፎቁ ላይ ስምንት በር ቆጠርኩ፤ ሁሉም ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። እሪ በከንቱ ቢሆን ከበሩ እስክደርስ "ማንን ነው? ከየት ነው? ምን ይዘሽ ነው?" ተብዬ ሦስቴ እመረመር ነበር። እዚህ ግን ደረጃው ላይ ብሞት የሚጠይቀኝ አልነበረም።

የሺ በሩን እንደከፈተች ሰላምታም አልሰጠኋት።

"ስለቱ አላለቀም!" አልኩ። "ወግ ማዕረግ መውለድ ብቻ ነው ያለሽ ማነው? የልጅ ልጅሽ ክርስትና አለ! ፊደል መቁጠሩ አለ! ምርቃቱ፣ ሠርጉ... ሁሉም አለበት፤ እኔ ነኝ የተሳልኩት፣ እኔ ነኝ የማውቀው!" ትንፋሼ አጠረ።

"መጀመሪያ ይቀመጡ፣ ሲስተር" አለች። ጸጉሯ ሸብቷል፣ ወፈር ብላለች፣ አምሮባታል። ሁለት ብርጭቆ ውሃ አመጣች፤ አንዱን ለኔ ሰጠች። ከቡፌው ላይ ብልቃጧን አወረደች፣ አንድ እንክብል መዳፏ ላይ ጣለች፣ ዓይን ዓይኔን እያየች ዋጠችው። "ሰዓቴ ነው" አለች።

"አላቆምሽም?"

"አብጃለሁ እንዴ? ልጄ ልትወልድ!"

"ስለቱስ?"

"ሲስተር፣ እርስዎ እኮ ጴንጤ ነዎት" ብላ ሳቀች። "እማማ በላይነሽ ሊያርፉ ሰሞን ሁሉንም ነግረውኛል። 'ስለቱን ያመጣችው እሷ፣ ያስረዘምኩት እኔ። አሁን ካወቅሽ በኋላ ደግሞ ለራስሽ ብለሽ ዋጪ' አሉኝ። ይኸው ለራሴ ብዬ ስውጥ ስንት ዓመቴ።"

ደሜ ፈላ። "ታዲያ ያቺን ነፍሰ ጡር እንደዚያ አስጨንቀሽ፣ እኔን በዚህ ጉልበቴ አራት ፎቅ አስወጥተሽ..."

"ምን ብዬ ልጥራዎት?" አለች። ሳቋ ጠፋ። "እዚህ ከገባሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። መድኃኒቱን የብዙ ወር በአንዴ ይሰጡኛል፤ ሐሙስ የለ፣ አግዳሚ ወንበር የለ። 'ደህና ነሽ፣ ሂጂ' ይሉኛል፤ ደህና ነኝ፣ እሄዳለሁ። ከዚህ ሁሉ በር አንድ ሰው አንኳኩቶ ጨው እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም። ናፈቁኝ ብዬ ሁለቴ ደወልኩልዎት፤ ሁለቴም 'እሺ፣ ሰሞኑን እመጣለሁ' አሉኝ። የሺ መድኃኒት አቆመች ከተባለ ግን በዚያው ሳምንት እንደሚነሱ አውቃለሁ። ልጄን ስላስጨነቅኋት ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ እርስዎን ግን አልጠይቅም።"

ሁለቴም እሺ ብያታለሁ፤ ሁለቴም ቀርቻለሁ። ታክሲው ሩቅ ነው፣ ጉልበቴ ነው፣ ዝናብ ነው። እንባዬ መጣ፤ እሱንም ለማጥፋት ፌስታሉን ከፈትኩና ቅቤውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። "ይሄ ለአራሷ ገንፎ ነው!" አልኩ በኃይል። "ለአራሷ! ጣቱን ነክሮ ሕፃኑ አፍ ውስጥ የሚከት ሰው አለ ብዬ ብሰማ..."

"ማን አለና?" አለች የሺ።

በሩ ማዶ ያሉት ሰባት በሮች እንደተዘጉ ናቸው። በዘመኔ ሁሉ ስዋጋው የኖርኩት ያ ጣት፣ ያ የተረገመ ጣት፣ የመጣበት እጅ ናፈቀኝ። የሺ ከቅቤው በጣቷ ዛቅ አደረገችና፣ ሳልከላከላት፣ ሽበቴ ላይ ጠረገችው።

ስመለስ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት መስኮቱን ከፈተች፣ አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፈነች፣ መጨረሻ ላይ አላስችል ብሏት "እማማ፣ ምን ሆነው ነው ይህን ሁሉ ቅቤ?" አለችኝ።

"ስለት አለብኝ" አልኳት። ማክሰኞ ማክሰኞ ነው፤ አራተኛ ፎቅ።